አክተሩ ማነው?

ካራ ላይ፣ ከኬላው ወዲያ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት
የሞሲሳ ቪዲዮ ቤት፤
መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ ለሌለው አንድ እቅፍ ኩበት።
መስኮቱ በጆንያ ታፍኖ፣ መቀመጫው ግንድ፣ ወለሉ አፈር፤
ለሚ ሁልጊዜ ከፊቴ፣ ጎፈሬው የጭድ ክምር
የቴሌቪዥኑን እኩሌታ የሚጋርድብኝ ነበር።
ባለሽጉጡ ብቅ ሲል፣ ፈረሱም ፊቱም ሳይታየኝ፣
ባርኔጣው ለሚ አናት ላይ
ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ የእሱ ነው የሚመስለኝ።

ሞሲሳ ከጎን ቆሞ ይተረጉማል።
እንግሊዝኛ አይችልም።
ምን ቸገረው? አፋቸው ሲንቀሳቀስ አፉን ያንቀሳቅሳል፦
«ፈረሴ ከወንዝህ ጠጣ እንጂ እኔ ደምህን አልጠጣሁም!» ይላል፤
«በሬዬን መልስ፣ አለዚያ ሚስትህ ነጠላዋን ከል ትንከር!» ይላል፤
ሁለት ቃል ለተነፈሰ ሰው አራት ስንኝ ይቸረዋል።

የእኛ ጥያቄ ግን አንድ ነው፣ ገና ፊልሙ ሳይጀመር፦
«ሞሲሳ፣ አክተሩ ማነው?»
አክተር አይሞትማ። ጥይት ራሱ ያውቀዋል፣
ባርኔጣውን ይበሳና ከጸጉሩ በላይ ያልፋል።
አክተሩን ካወቅህ፣ ልብህን እንደ ሳንቲም
በመሐረብ ትቋጥርና ተረጋግተህ ታያለህ።

አንድ ክረምት ያ ካሴት መጣ፣
ስሙ የተፋቀ፣ ከመርካቶ በሰው በሰው የወጣ።
ሰውየው ጢሙ ያደገ፣ ዓይኑን እንቅልፍ የራበው፣
ባለብዙ ከብት ጌታ በገንዘብ የቀጠረው፤
ሥራው ገበሬ ማስነሣት ነው።
አንዱን፣ መዶሻ ብቻ ይዞ አጥሩን ሲያጥር፣
ተኩሶ ጣለው።
ወንበዴ ነው፤ በቃ፤ ታወቀ።
ማታ ግን ከሟች ደጅ ቆሞ እንጨት ሲፈልጥ አደረ።
መበለቷ በመስኮት አየችው። አልወጣችም። አልገባም።
ጎህ ሲቀድ ክምሩን ትቶ ሄደ።
«ሞሲሳ! አክተሩ ማነው?»
ተርጓሚያችን ራሱ ተርጓሚ ፈለገ።

ከዚያ ጎዳናው፤ አቧራው፤ ጌታው በአንድ ወገን፣ መበለቷ በአንድ፣
እሱ መሀል፣ እጁ ወደ ወገቡ ሲወርድ፣
መብራት ሄደ።

ቴሌቪዥኑ አንዲት ነጭ ነጥብ ይዞ ቆየና እሷም ጠፋች።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
«ሳንቲሜን!» የሚል አለ፣ «ኩበቴን!» የሚል አለ፤
ለሚ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ማንን ነው የሚመታው?»
ከጨለማው ውስጥ ሞሲሳ፦
«እኔ እንጃ ልጄ። ለእሱም አልነገሩትም።»

ዛሬ ኬላው የለም። ቪዲዮ ቤቱ የብሎኬት ማምረቻ ሆኗል፤
ገብስ ይበቅልበት የነበረው ሜዳ ችካል ያበቅላል።
ለሚ ጥበቃ ነው።
የአባቱን ማሳ ይጠብቃል፣
ካሳው ተበልቶ ካለቀ በኋላ፣ ላጠረው ሰው።
እስከ ቁርጭምጭሚቱ ካፖርት፣ ትከሻው ላይ አሮጌ ምንሽር፤
ጎፈሬው አልቆ በራ ሆኗል፤ ስለዚህ ባርኔጣ ያደርጋል።

ባለፈው ሰኔ የአዴ ብርቄን ጨረቃ ቤት
ከአፍራሾቹ ጋር ሆኖ አፈረሰ።
በሩን የነቀለው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ አየ።
በዚያው ሌሊት ቆርቆሮዋን በጀርባው ተሸክሞ፣
አንድ በአንድ፣ አሥራ አንዱንም፣
ከወንዙ ማዶ አድርሶላት ውሻ ሳይጮህበት ተመለሰ።
ይህን ያየሁ እኔ ነኝ።
ጠላ ቤት «ጅብ» ሲሉት ዝም አልኩ።
እሷም በዚያው ቆርቆሮ ሥር ሆና ስትረግመው
ዝም አልኩ።

ትናንት በቀትር ተገናኘን። መንገዱ ጭር ብሏል፤
ነፋስ አንድ ጥቁር ፌስታል በመሀላችን ያንከባልላል።
እጁ ወደ ወገቡ ወረደ።
ሲጋራ አወጣ። አንዷን ለእኔ።
ስለ በሩ አልጠየቅሁትም፣ ስለ ቆርቆሮው አልነገረኝም።
ሄድ ካለ በኋላ ዞሮ፣
«ያን ቀን» አለኝ፣ «እኔ አባቴ ጠርቶኝ ሄድኩ፣ አንተ ቀርተህ ነበር፤
በኋላ መብራቱ መጣ እንዴ?»